አምስት ኤከርና አንድ ወንበር

ውድ ወንድሜ ተፈሪ፣

በታላቅ ሐዘን የማሳውቅህ ነገር ስላለ ቁጭ ብለህ አንብበው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ የአበሻው ምግብ ቤት መስኮት ሥር፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኮትህን ስታንጠለጥልባት የኖርክባት ወንበር በሌላ ሰው ተይዛለች። ያዡም የሚነሣ አይመስልም።

የያዙት እናትህ ናቸው።

አትደንግጥ። እትዬ ባንቺአየሁ ደህና ናቸው፤ እሁድ ወደ ቤትህ እንደሚመለሱም በዚህ አጋጣሚ አረጋግጣለሁ። ለአንተ "እታለምን ላጽናና፣ ጥቂት ቀን ልቆይ" እንዳሉህ አውቃለሁ። የጓደኛቸው የእታለም ቤት በለቀስተኛ ስለሞላ እኔ ጋ ናቸው፤ መኝታ ቤቱ የእሳቸው፣ ሶፋው የእኔ ሆኗል። ወገቤ ሰላምታ ያቀርብልሃል።

ከከተማው ርቀህ፣ ከላንካስተር ወዲያ ያን ቤት ስትገዛ ሁላችንም አጨብጭበናል። ስድስት መኝታ ቤት፣ አምስት ኤከር መሬት፣ ኮድ የሚጠይቅ በር! ለምረቃው ቄሱ ክፍሉን ሁሉ ሲረጩ አራተኛው መኝታ ቤት ላይ ጠበሉ አልቆባቸው፣ የቀሩትን በመስቀል ብቻ እንዳለፏቸው ታስታውሳለህ። "በየሳምንቱ እንመጣለን!" ብለን፣ ሥጋህን በልተን ወጣን። ከዚያ ወዲህ የመጣ ቢኖር ፖስተኛው ነው፤ እሱም ከበሩ አያልፍም።

አንተ በጠዋት ወደ በርባንክ ለሥራ ትወጣለህ። እሳቸው መኪና አይነዱም። "ጎረቤቴ ፈረስ ነው" አሉኝ። "ክፉ አይደለም፤ ደህና አደርክ ስለው ጭራውን ይወዘውዛል። ግን ቢያመኝ አይጠይቀኝም።"

የእታለም ወንድም ሲያርፍ ለቅሶ አመጣሃቸው፤ ሥራ ስለነበረብህ "ማታ አድርስልኝ" ብለኸኝ ሄድክ። ሰዉ ከሳሎን ተርፎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ታች ያለችው ሜክሲኳዊት ጎረቤት ሳትቀር ሩዝ ይዛ መጥታለች። እናትህ ከማልቀስ ይልቅ ሰዉን ሲያዩ ዋሉ። መኪና ውስጥ እንደገባን፦

"እንዳሻው፣ እኔ ስሞት እዚያ ማን ይመጣል?"

"ኧረ እትዬ፣ ምን በወጣዎ! እኛ አለን አይደለም እንዴ?"

"በቁሜ ያልመጣችሁ?"

መኪናውን አስነሥቼ ወደ ፍሪዌዩ መግቢያ ነዳሁ።

"እዚያ የሚጮህልኝ ቀበሮው ብቻ ነው። ልጄ ቤተ መንግሥት ገዛልኝ፤ ሕዝቡን ረሳው። አዙረው መኪናውን!"

ፍሪዌይ ሳልገባ አዞርኩት።

አሁን ጠዋት ጠዋት ወንበርህ ላይ ይሰየማሉ። ከኤርፖርት የሌሊት ሥራ የሚመለሱት ልጆች ጉልበታቸውን ስመው ያልፋሉ፤ ያልሳመ ይጠራል።

"አንተ ባሮክ! ሚስትህ ወለደች?"

"ኧረ ገና ነው እትዬ፣ የመውለጃ ዱ ዴቷ ኦገስት ነው!"

"ታዲያ ምን ያዞርሃል? ግባ ቤትህ!"

ስትደውል "ምንም አልጎደለብኝም" ብለው የሚዘጉብህ ተቀይመውህ አይደለም። ቤቱን ለእሳቸው ብለህ እንደገዛኸው ያውቃሉ፤ ያገኙትን ሁሉ ፎቶውን ያሳያሉ። ግን "ድምፁን ብዙ ከሰማሁ እመለሳለሁ፤ አንተ ጻፍለት" አሉኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ወንድምህ እንዳሻው፣
ከሶፋው ላይ

እርማት፦ ከላይ "እሁድ ይመለሳሉ" የተባለው በስሕተት ስለሆነ "እሁድ አንተ ትመጣለህ" ተብሎ ይነበብ። ስትመጣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን፣ ጥቁር ሹራባቸውንና የጸሎት መጽሐፋቸውን ይዘህ እንድትቀርብ። ወንበርን በሚመለከት፣ ከጎናቸው ለአንተ ሌላ ተጨምሯል።