ሰው መሆናችን ላልተረጋገጠላቸው ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ዴል ሃልቨርሰን፣
በግሬይሞር ጨዋታዎች ኩባንያ የፍትሐዊ ጨዋታ ክፍል ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ በቬኔዙዌላ፣ በማራካይቦ ከመብራቱ፣ ከሙቀቱና ከእንቅልፉ በቀር ደህና ነን። ኒልሳ ቦስካን እባላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ፤ አበሌ አንድ ካርቶን እንቁላል ስለማይገዛ ላለፉት አራት ዓመታት በኢንተርኔት ጨዋታዎ ረግረግ ውስጥ አዞ እየገደልሁ፣ ቆዳውን ራሳቸው አድነው ለማግኘት ጊዜ ለሌላቸው ባለጸጋ ተጫዋቾች በእውነተኛ ዶላር ስሸጥ ኖሬአለሁ። ሕግዎ ይህን ንግድ እንደሚከለክል አውቃለሁ፤ አልክድም። ነገር ግን ባለፈው ማክሰኞ በጨዋታው ውስጥ ቱሊዮ ብለን የምናጫውተውን ተዋጊያችንን የዘጉብን በንግዱ ወንጅለውን ቢሆን ኖሮ አንገቴን ደፍቼ በተቀበልሁ ነበር። የዘጉት «ከጀርባው ያለው ማሽን እንጂ ሰው አይደለም» ብለው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ መቀመጫዬ ላይ እሾህ የበቀለ ይመስል አርፌ መቀመጥ አልቻልሁም። መስኮት እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ፣ ይህንንም ደብዳቤ ስጀምር ስተው አምስተኛዬ ነው። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ «በቀን ሃያ ሁለት ሰዓት ሳያርፍ አዞ የሚገድል ሰው የለም» ብለው ስለ ዕረፍታችን ላሳዩት አሳቢነት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ልክ ነዎት፣ አንድ ሰው አይችለውም። እኛ ግን አራት ነን፤ ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት ባለቤቴ ኤውዶ፣ ማታ ልጃችን ማይረሊስ፣ ሌሊቱን ባሏ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩን እንደታመመ ሕፃን ታቅፈን መብራት ወዳላት ጎረቤታችን ወደ ኦማይራ እንሮጣለን፤ እርሷም ከደጇ ሆና «ኑ ግቡ እናንተ አዞ አራጆች! ቶሎ በሉ፣ የእኔም መብራት ልትሄድ ነው!» እያለች ትቀበለናለች። ማሽን ብንሆን ኖሮ መብራት ሲጠፋ አርፈን በተኛን ነበር።

ሁለተኛ፤ ተጫዋቾችን የሚቆጣጠረው ዘብዎ ወደ ረግረጉ ወርዶ ሰው መሆናችንን በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ ጠይቆ መልስ ማጣቱ በውሳኔዎ ላይ ዋና ማስረጃ ሆኖ ሰፍሯል። ተረኛው ኤውዶ ነበር፤ እንግሊዝኛ አያነብም። በዚያ ረግረግ በስፓኒሽ የመለሰ ሁሉ «የቬኔዙዌላ ሌባ» እየተባለ በባዕድ ተጫዋቾች ተከቦ ስለሚታረድ የሠፈራችን ደንብ አንድ ነው፤ ማንም ቢያናግርህ ዝም በል፣ አዞህን ግደል። ኤውዶም አማተበና «ኒልሳ፣ ደግሞ አንዱ ሊሰድበን መጣልሽ! ምን ቢል አፌን አልከፍትለትም» አለኝ፤ እኔም ከኩሽና ሆኜ «ደግ አደረግህ፣ ይለፍልፍ!» አልሁት። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በእርስዎ ዘንድ ግን ነቅዞ ተገኘ።

ሦስተኛ፤ አራት ጊዜ አቤቱታ ልኬ አራቱንም ጊዜ በአሥር ሰከንድ ውስጥ፣ ቃል በቃል አንድ ዓይነት መልስ ስለደረሰኝ ቅልጥፍናዎን ሳላደንቅ አላልፍም። ሰው አለመሆናችንን እንዲህ ፈጥኖ የመረመረውን ሰው አግኝቼ እጁን ብጨብጥ ደስታዬ ነበር፤ እጅ ካለው።

የሚከተለውን በቁጥር ማስቀመጥ አልቻልሁም። ኤውዶ የልብ ሕመምተኛ ነው፤ ክኒኑን የሚገዛለት ቱሊዮ ነበር፣ የቀረው ደግሞ የዘጠኝ ቀን ነው። «እጄን ይቁረጠው! ምናለ አንዲት ቃል ብመልስለት?» እያለ ራሱን ይረግማል። ትናንት ክኒኑን በቢላዋ ለሁለት ሲከፍል ደረስሁበት። «ተይኝ እንጂ፣ ልቤም እኮ እንደኔ ሥራ ፈታለች፤ ግማሽ ይበቃታል» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ።

ስለሆነም ቱሊዮ እንዲከፈትልን እየለመንሁ፣ በፈለጉት ቀንና ሰዓት አራታችንም በካሜራ ፊት ቀርበን ለመቆጠር፣ ካስፈለገም ለመቆንጠጥ ዝግጁ መሆናችንን አሳውቃለሁ።

የፍትሕዎ ርቀት ወሰን ያጣባት፣
ትንፋሽና የልብ ምት ያላት፣
ኒልሳ ቦስካን፣ ማራካይቦ

ማስታወሻ፤ ቱሊዮ በተዘጋበት ዕለት ጠዋት አንድ ደንበኛችን ሦስት መቶ የአዞ ቆዳ አዝዞ ዋጋውን ከፍሎ ነበር፤ ዕቃው ከቱሊዮ ጋር ታስሮ ቀረ። የሰው ሐቅ በልቼ ስለማላውቅ ይህም እንቅልፍ ይነሳኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ የገዛን ጨዋ ሰው ነው። በደረሰኞቹ ላይ የከፋዩ ስም ዴል ሃልቨርሰን ይላል፤ መቼም ሞክሼዎ ይሆናል። የሚያውቁት ከሆነ ቱሊዮ በተከፈተ በሰዓቱ ቆዳው እንደሚደርሰው፣ ሃያ አራቱንም ደረሰኞች በክብር እንዳስቀመጥሁለት ይንገሩልኝ። ሃያ አራት ጊዜ ስሸጥለት ሰው መሆኑን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም።