በራ ብዬሃለሁ

ውድ ወንድሜ ቀስ በል፣

ይህን የምጽፍልህ መኪናህ ውስጥ፣ ያንተው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ውረድ የሚለኝ ካለ ይምጣ። ወንበሩን ወደ ፊት አላስጠጋሁትም፤ አንተ እንደተውከው ነው። ፍሬን ለመርገጥ ከወንበሩ ትንሽ መንሸራተት አለብኝ፤ ግን ይደረሳል። የኋላው ክዳን ተጨፍልቆ በገመድ ታስሯል፣ የኋላው መስታወት ረግፏል፣ የምታከፋፍለው ዳቦ ሽታ ግን እስካሁን አልወጣም።

እንዴት እንደሞትክ አንተ ታውቀዋለህ። መንገድ የሚያቋርጡ ሰዎችን ልታሳልፍ ቆመህ የጭነት መኪናው ከኋላ መጣብህ። ከዚያ በኋላ የተባለውን ግን አልሰማህም። ሹፌሩ፣ "የፍሬን መብራቱ አልበራም፤ መቆሙን በምን ልወቅ?" አለ። ትራፊክ ፖሊሱ መኪናህን ግቢያቸው አስጎትተው ፍሬኑን ረገጡ። የግራው መብራት ደቅቋል፤ የቀኙ ሽፋኑ ብቻ ነው የተሰነጠቀው። ቀኙም አልበራም። በቃ፣ ጥፋቱ ያንተ ሆነ። መኪናውን ሳይፈትሽ የወጣ ሹፌር ተባልክ። መኪናህንም ወደ ግቢያችን መለሱልን።

አንተ! ብስክሌት የያዙ ሕፃናት እየቀደሙህ "ቀስ በል መጣ፣ ዳቦው ሻገተ!" እያሉ የሚጮኹብህ ሰውዬ! "ዳቦው አልቸኮለ፣ እኔ ምን አስቸኮለኝ?" ብለህ የምትስቀው!

ከሁሉም ያበገነኝ አባዬ ነው። ይህን ሲነግሩት አንገቱን ደፋ። አልተከራከረም። እማዬ እንደሆነች ከክፍሏ አትወጣም። አጎታችን ብቻ እንደ ቤቱ ባለቤት ወዲያ ወዲህ ይላል። "ቅዳሜ ብረት ገዢው መጥቶ ይህን ጉድ ይውሰድልን፤ ባየነው ቁጥር ሆዳችን ከሚባባ" አለ።

"መብራቱ ይበራ ነበር" አልኩ።

"አንተ ደግሞ በምን አወቅህ?"

"በየጠዋቱ የማየው እኔ ነኛ!"

እውነት አይደለም እንዴ? ዳቦ ቤት ከመሄድህ በፊት ከአልጋ ጎትተህ ታስነሳኝና ከመኪናው ኋላ ታቆመኝ ነበር። "ፓውዛ፣ እነዚያን ትልልቅ ዓይኖችህን ሥራ ስጣቸው" ትለኛለህ። ፍሬኑን ረግጠህ "በራ?" ትላለህ። "በራ!" እላለሁ። ሳልመልስ አትንቀሳቀስም። የዚያን ዕለት ጠዋትም ጠይቀኸኛል፣ መልሼልሃለሁ። ሁለቱም ቀይ ነበሩ።

አጎታችን ሳቀ። "እያዛጋህ፣ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ነው የምታየው። ለወንድምህ ብለህ ነው፤ ይገባኛል፤ ግን ልጅ ነህ።"

አየህ፣ መኪናው ከሄደ አንተ ጥፋተኛ እንደሆንክ ልትቀር ነው። የእኔም "በራ" የእንቅልፋም ልጅ ወሬ ሆኖ ሊቀር ነው። እንቢ አልኩ። ትምህርት ቤት ቀረሁ። ብትኖር በጆሮዬ ጎትተህ እንደምትወስደኝ አውቃለሁ፤ ግን የለህም፣ ስለዚህ ቀረሁ።

መጀመሪያ በካቻቢቴ የቀኙን መብራት ፈታሁ። አምፖሉን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩና በአሮጌ ካልሲ ጠቅልለህ ያስቀመጥከውን መለዋወጫ ገጠምኩ። ፍሬኑ ላይ ጡብ አስቀምጬ ወደ ኋላ ሮጥኩ። ጨለማ።

አጎታችን ግድግዳ ተደግፎ "ነገርኩህ እኮ" አለ።

ከፍሬን መርገጫው በላይ ያለችውን ማብሪያ ነቀልኩና ሁለቱን ሽቦዎች በቀጥታ አገናኘኋቸው። አሁንም ጨለማ። ማብሪያዋን መልሼ ፊውዙን ሳየው ተቃጥሏል። አዲስ ገጠምኩ፣ ረገጥኩ፤ እሱም ወዲያው ተቃጠለ።

"በቃህ፣ መኪናውም መሮታል" አለኝ አጎታችን።

እሱ ገብቶ ሲተኛ አምፖሉን ከኪሴ አውጥቼ አየሁት። አምፖሉ ውስጥ ሁለት ክሮች አሉ፤ አንዱ ለማታ፣ አንዱ ለፍሬን። የማታው ጥቅልሉን እንደያዘ ቀጥ ብሏል። የፍሬኑ ግን ተለጥጦ፣ ተንዠርጎ ወደ ጎን ጎብጧል። አልተበጠሰም፤ ግን አንድ ነገር ደርሶበታል።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ ለመማር ግን አይደለም። ቮልትን ፈልጌ ነው። ያንተም የፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ፤ ስም ያወጣችሁላቸው እናንተ ናችሁ ይባላል። መስኮቱ ጋ ቆመው አምፖሉን ወደ ብርሃን አነሱት።

"ከየት አመጣኸው?"

"ከወንድሜ መኪና።"

 መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። "የጋለ ክር ለስላሳ ነው። በጋለበት በኃይል ከተመታ እንዲህ ይለጠጣል። ያልጋለው ግን ወይ ይሰበራል፣ ወይ እንደነበረ ይቀራል። ይኸኛው ሲመታ በርቶ ነበር።"

"እንግዲያው ሄደን እንንገራቸዋ!"

"ቆይ፣ አትንደርደር። 'ታዲያ እኛ ስንረግጠው ለምን አልበራም?' ይሉሃል። ምን ትመልሳለህ? እሱን ፈልገህ ና። ከዚያ አብሬህ እሄዳለሁ።" ስወጣ ከኋላዬ ጠሩኝ። "ወንድምህ እኮ የቤት ሥራውን ሁለት ጊዜ ሳያይ ሰጥቶኝ አያውቅም። አሰልቺ ልጅ ነበር!" አሉና ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ።

መንገዱን ሙሉ አሰብኩ። ሁለቱም የፍሬን መብራቶች በአንድ ፊውዝ ነው የሚሠሩት፤ ፊውዝ ደግሞ በራሱ ተነስቶ አይቃጠልም። የሆነ ቦታ ሽቦው ተልጦ ብረት ነክቷል ማለት ነው። የት? ጅል ነኝ! የጭነት መኪናው የገባበት ቦታ ነዋ!

የኋላውን ምንጣፍ ቀደድኩት። ቅዳሜ ለብረት ገዢው ለሚሰጥ ምንጣፍ ማን ያዝናል? በግራ በኩል ሁለት የታጠፉ ብረቶች ሽቦውን እንደ ጥርስ ነክሰው ይዘውታል። የሽቦው ልባስ ተልጦ መዳቡ ብረቱ ላይ ተኝቷል። ብረቱ ላይ ምን እንዳለ ታውቃለህ? አረንጓዴ ቀለም። ያንተ መኪና ነጭ ናት። አረንጓዴው የጭነት መኪናው ነው። ራሱ ሽቦህን ጨፍልቆ፣ ራሱ መብራትህን አጥፍቶ፣ ራሱ ከሰሰህ። ትራፊክ ፖሊሱም የተነከሰ ሽቦ ላይ ፍሬን ረግጠው ነው "አይበራም" ያሉት።

ወደ ግራ የሚሄደውን ሽቦ ከቀኙ ለይቼ ቆረጥኩና ጫፉን በጥቁር ፕላስተር ጠቀለልኩት። ብረቱን ግን አልነካሁትም፤ ቀለሙን እንደያዘ ይታይ። ሌላ ፊውዝ ገጠምኩ። ከዚያ አዲሱን አምፖል አውጥቼ ያንኑ የተለጠጠውን፣ የዚያን ዕለቱን፣ መለስኩት።

ሊመሽ ሲል ቤት ገብቼ አባዬን እጁን ይዤ ጎተትኩት። እንዲህ ደፍሬው አላውቅም።

"ተወኝ ልጄ" አለ።

"አልተውህም። ና፣ እዚህ ቁም። ከኋላ። መብራቱን ብቻ እይ።"

አጎታችንም ሻዩን እንደያዘ ወጣ። እኔ ያንተ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በጎን መስታወቱ አባዬ ይታየኛል፤ እጆቹን አጣምሮ መሬት መሬት ያያል። ተንሸራትቼ ፍሬኑን ረገጥኩ።

"በራ?" አልኩ።

ፍሬኑን ይበልጥ ወደ ታች ገፋሁት።

"አባዬ፣ በራ?"

ቀና ሲል አየሁት። ቀዩ ብርሃን ሸሚዙ ላይ ነበር።

"በራ" አለ።

"አልሰማሁህም!"

"በራ!"

"ለአጎቴ ንገረው! ለሰፈሩ ንገረው!"

የእማዬ መስኮት ተከፈተ። "ምንድን ነው የበራው? ምን ሆናችኋል?"

"የልጄ ፍሬን!" ብሎ ጮኸ አባዬ። "የልጄ ፍሬን በርቷል! ነይ ውጪና እዪው!" ለቅሶው እና ጩኸቱ አንድ ላይ ወጣ። እማዬ በባዶ እግሯ ወጥታ የተሰነጠቀው ሽፋን ላይ መዳፏን አደረገች። ጣቶቿ ቀይ ሆኑ። አጎታችን ሻዩን መሬት አስቀምጦ ስልኩን አወጣና ለብረት ገዢው ደውሎ "አትምጣ" አለው።

እግሬን ከፍሬኑ ማንሳት አልፈለግሁም። እስኪደነዝዝ ረገጥኩት።

ነገ ከአባዬና ከቮልት ጋር ትራፊክ ቢሮ እንሄዳለን። ፎቶ አንስተን ሳይሆን መኪናህን ራሷን አስጎትተን። አረንጓዴውን ብረት ያያሉ፣ ክሩን ያያሉ። ይቀበሉን አይቀበሉን አላውቅም። አንቀበልም ካሉ ከነገ ወዲያም እሄዳለሁ፤ በር ላይ ቆመው "ይህ ልጅ ደግሞ መጣ" እስኪሉ እሄዳለሁ። የሚቆም ሰው ነበርክ፤ መቆምህንም በቀይ ተናግረሃል። ያላየው ሌላ ነው።

ወንበርህን ወደ ፊት አላስጠጋውም። እግሬ እስኪረዝም እንሸራተታለሁ።

ሁለቱንም ዓይኖቹን ገልጦ ያየልህ፣
ወንድምህ ፓውዛ