ልዕልቲቱ ከዓምዱ ከወጣች በኋላ

ጃንዋሪ 6

ዝናብ። ባሕሩ ከጠዋት ጀምሮ ጎዳናው ላይ ይተፋል። ጋዝ አለቀ፤ ደውዬ አስመጣሁ። ቁርስ ፉል። ጉልበቴ ያው ነው።

ሐዜም ከጋዜጣው ደወለ። ጋዜጣው አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ልዩ እትም ያወጣሉ። «ኡስታዝ ወግዲ፣ አንድ ዓምድ ብቻ ይጻፉልን። ልዕልቲቱ የት ደረሰች? ሰው አሁንም ይጠይቃል።» አስብበታለሁ አልኩት።

ደስ አለኝ? አዎ፣ ደስ አለኝ። እዚህ መደበቅ ምን ያደርጋል።

አሥራ ሦስት ዓመት፣ በየሐሙሱ። ከስድስት መቶ በላይ ዓምድ፣ ሁሉም ስለ ልጄ ስለ ሪሃም። ስሟን ጠርቼ አላውቅም፤ «ልዕልቲቱ» ነበር የምላት። ሩዝ የምታሳርር፣ እስከ ቀትር የምትተኛ፣ የጀመረችውን የማትጨርስ። እስክንድርያ በሙሉ ሳቀባት። ካቆምኩ አሥራ አምስት ዓመት ሆነ። ያቆምኩትም አዝኜላት አይደለም። ከቤት ስትወጣ የምጽፈው አለቀብኝ።

ጃንዋሪ 8

ሻይ ቤት። ሐጅ ጋቢር ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ ነው፣ ዶክተር መስዑድ የማዕዘኑ ፋርማሲ ባለቤት። ሁለቱም ዓምዱን እየቆረጡ ያስቀምጡ ነበር። የሐዜምን ሐሳብ ስነግራቸው የምንጫወተው ዶሚኖ ቆመ።

«ተለውጣለች» አለ ሐጅ። «ቤት ስትይዝ ትለወጣለች እንጂ።»

«ማን አየ?» አለ ዶክተሩ። « አራት ጊዜ መንጃ ፈቃድ ወድቃ፣ ለአምስተኛው እንቅልፍ ጥሏት የቀረች ልጅ በምን ተአምር ነው የምትለወጠው?»

«ዓምዱ ቆመ እንጂ ልጅቷ አልቆመች።»

«ያላየሁትን ለውጥ አልቆጥርም፣ ሐጅ። መጨረሻ ያየኋት ሶፋ ላይ ተኝታ ነው። ለእኔ አሁንም እዚያው ናት።»

«አንተስ መድኃኒት የሸጥክለት ሰው መዳኑን ቤቱ ሄደህ ታያለህ?»

«የዳነው አይመጣም። ያልዳነው ነው ተመልሶ የሚሰድበኝ።»

ሳቅን። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። «በል ፍረድ፣ አባቷ አንተ ነህ።»

ሲወጣ ታነቡታላችሁ አልኩ፤ የማውቅ መስዬ። መቼ ነው ያየኋት? በእናቷ ቀብር። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ያኔም ከሰው ጋር ቆመች እንጂ ከእኔ ጋር አልቆመችም።

ጃንዋሪ 10

ሐዜም ሳይጠይቀኝ አውጆታል። የጋዜጣው የኢንተርኔት ገጽ ላይ «ልዕልቲቱ ተለውጣለች ትላላችሁ?» ብሎ ለጠፈ። እስከ ቀትር አራት መቶ አስተያየት። በስልክ ያነብልኛል፣ እየሳቀ። አንዱ አሁንም ተኝታ ነው ይላል። አንዷ እናት ከሆኑ በኋላ ማን ይተኛል ትላለች። አንድ መምህር ሁለት ገጽ ጽፏል... ሰነፍ ሰው አይለወጥም፣ ስንፍናውን መደበቅ ይማራል እንጂ፣ እያለ። ሴቶቹ ተነሡበት።

ስንት ሰው ያስታውሳታል! ያስታውሰኛል ልል ነበር።

ጃንዋሪ 11

ለመጻፍ ተቀመጥኩ። «ልዕልቲቱ ዛሬ...» ብዬ ቆምኩ። ዛሬ ምን?

እህቴ ኒዕማት ጋ ደወልኩ። የሙሉኪያ ቅጠል እየከተፈች ነበር፣ ቢላው ይሰማል።

«ዳማንሁር ከተማ ናት። ውኃ ድርጅት፣ ላቦራቶሪ።»

«ምን ትሠራለች እዚያ?»

«ውኃ ነዋ የምትመረምረው! እኔ ምን አውቄ፣ ወንድሜ። ራሷን አትጠይቅም?»

«ልጅ አላት?»

ቢላው ቆመ። «አንድ። ስድስት ዓመቷ ነው። ማሊካ።»

የልጅ ልጄን ስም ከእህቴ ሰማሁ። ስድስት ዓመት ዘግይቼ። ይህንን በየትኛው አንቀጽ ላስገባው?

ጃንዋሪ 12

አልጻፍኩም። እንቅልፍ የለም።

ጃንዋሪ 14

ቁጥሯን ከኒዕማት ወስጄ ደወልኩ። ወዲያው አነሳች።

«ሪሃም፣ እኔ ነኝ... አባትሽ።»

«አውቄሃለሁ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ባባ።»

ስለ ልዩ እትሙ ጀመርኩ። አቋረጠችኝ።

«አይቼዋለሁ። ትናንት አንዷ ባልደረባዬ መጥታ ልዕልቲቱ አንቺ ነሽ እንዴ አለችኝ። አይደለሁም አልኳት።»

«መልካም ነው የምጽፈው። መለወጥሽን። ተለወጠች አልተለወጠችም እያሉ ይከራከራሉ፣ አፋቸውን አዘጋቸዋለሁ።»

«ከምን ነው የተለወጥኩት?»

ወረቀቴን አገላበጥኩ።

«ንገረኝ እንጂ። በፊት ምን ነበርኩ? ሩዙን ማን ነው ያሳረረው፣ ባባ?»

እኔ። እናቷ ሆስፒታል ሆና፣ ምድጃ ላይ ረስቼው ወጣሁ። ሪሃም ድስቱን ፈተገች። መንጃ ፈቃዱንም በመጀመሪያው ፈተና ነው ያገኘችው። አንዴ ተፈትና አለፈች ብሎ መጻፍ አያስቅም ነበር... ሁሉንም አውቀው ነበር። ከማወቅ ይልቅ መጻፍ ቀድሞኝ ኖሯል።

ስለ ቀለበቱ ግን አላውቅም ነበር። እጮኛዋ ቤት ዓሣ አጽጂ ብለዋት ቀለበቱን መልሳ ሸሸች ብዬ ጽፌያለሁ። ሰው ከሁሉ ያን ይወዳል።

«ዓሣ አይደለም» አለች። «እናቱ ዓምድህን ምሳ ላይ ጮክ ብላ አነበበች። ስለ እንቅልፌ የጻፍከውን። እሱም አብሯት ሳቀ። ቀለበቱን የዚያን ቀን አወለቅኩት። አንተ ደግሞ እሱንም ጻፍከው።»

«አላወቅኩም ነበር።»

«አልጠየቅከኝማ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ማሊካ ዘንድሮ ማንበብ ጀምራለች። ጥሩም መጥፎም አትጻፍብኝ። ከጻፍክ ይህ የመጨረሻ ስልካችን ነው። ደህና ዋል፣ ባባ።»

ጃንዋሪ 16

ጻፍኩት።

ጠዋት ተቀምጬ፣ በአንድ ትንፋሽ። መጥፎ ቃል የለበትም። ልዕልቲቱ የከተማ ውኃ ጠባቂ ሆናለች፣ በሰዓቷ ትነሳለች፣ ሩዟ እንደ ዕንቁ ነው። እያከበርኳት ነው አልኩ። ስታነበው ትለሰልሳለች አልኩ። ከአሥራ አምስት ዓመት ወዲህ እንዲህ አልጻፍኩም። ቀትር ላይ ላክሁት።



ጃንዋሪ 17

ሐዜም በጠዋት ደወለ። «ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ፣ ኡስታዝ። በተለይ ያቺ የልጅ ልጅዎ... ውኃውን አሽትታ፣ እናቷን ናሙና ይወሰድ የምትልበት! ምንም አልተለወጡም። እንዳሉ ነዎት።»

አመሰገንኩት። ስልኩን ዘጋሁ።

ማሊካን አይቻት አላውቅም። ውኃ ስታሸት ቀርቶ ውኃ ስትጠጣ አላየሁም። ስሟን በሰማሁ በስድስተኛው ቀን አሳቅሁባት።

ሰው ሁሉ ስለ ሪሃም ነው የሚከራከረው። አሥራ አምስት ዓመት ለብቻዬ ስቀመጥ፣ ሳልጽፍ፣ ሳልናገር፣ የለዘብኩ ይመስለኝ ነበር። የሚጻፍበት ሰው ስላጣሁ ኖሯል። አንድ ስልክ ተደወለና ታየ።

ዛሬ አርብ ነው፣ ቢሮው ዝግ ነው። ነገ በአካል እሄዳለሁ። በስልክ ከሆነ ሐዜም ያባብለኛል... እኔም መባበል እወዳለሁ።

ጃንዋሪ 18

ትራም። ሦስት ፎቅ ደረጃ፣ ሁለት ጊዜ አረፍኩ። ሐዜም ገጹን ሠርቶ ጨርሷል፤ ዓምዱ መሐል ላይ፣ የድሮ ፎቶዬ ከላይ።

«ዓምዱን አንሳው» አልኩት።

«ኡስታዝ፣ ይቀልዳሉ። አራት መቶ ሰው እየጠበቀ?»

«ልጄ አትጻፍ ብላኛለች።»

«መልካም እኮ ነው የጻፉት...»

«እኔም እንዲያ ብያት ነበር።»

ጭንቅላቱን ያዘ። «ቦታውን በምን ልሙላው?»

«በማስተካከያ። ስህተት ስንሠራ ምን እናወጣ ነበር?»

ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ሃያ ደቂቃ ጻፍኩ። ከዚያ ሐዜም ቁጭ ብሎ እያየኝ ሪሃም ጋ ደወልኩ። ያን ሁሉ ዓመት ስጽፍ ከመታተሙ በፊት ለእሷ ያነበብኩት ነገር የለም። «ስለ ራሴ ነው» አልኳት፤ «ግን አንቺ ካላሳለፍሽው አይወጣም።» ስልኩን አልዘጋችውም። አነበብኩ፦

«ማስተካከያ። ከ1996 እስከ 2009 በዚህ ገጽ ስለ አንዲት ሰነፍ ልጅ የወጣው ሐሰት ነበር። ሩዙን ያሳረረው ጸሐፊው ነው። መንጃ ፈቃዱ የተገኘው በመጀመሪያው ፈተና ነው። ቀለበቱ የተመለሰው በጸሐፊው ጥፋት ነው። ጸሐፊው ልጁን ይቅርታ ይጠይቃል፤ ሳያስባት የዋለበት ቀን የለም።»

«ቀለበቱን አውጣ» አለች። «የእኔ ጉዳይ ነው።»

አወጣሁ።

«መጨረሻውንም።»

«ይቅርታውን?»

«እሱ ይቆይ። የዋለበት ቀን የለም የሚለውን። እሱ ለአንባቢ ነው የተጻፈው።»

ልክ ናት። አወጣሁ። ያን ሁሉ ዓመት አዘጋጅ ሆኜ የራሴን ጽሑፍ እንዲህ አይቼው አላውቅም።

«መንጃ ፈቃዱ ይቆይ» አለች። ፈገግ ያለች መሰለኝ... ወይም መስመሩ ነው።

ጃንዋሪ 23

ወጣ። አምስት መስመር፣ ዙሪያው ባዶ ነጭ። ሐዜም ፎቶዬን ከገጹ አስወግዶታል።

ሻይ ቤት ገና ሳልቀመጥ ዶክተሩ ጋዜጣውን ዘረጋው።

«አሥራ ሦስት ዓመት ታዲያ በማን ነው የሳቅነው?»

«በእኔ በሉት።»

«አንተ አታስቅም» አለ ሐጅ ጋቢር። ተቆጥቷል። ዶሚኖ ሲያድል ለእኔ አንድ አጎደለ።

ቆይቶ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ የሌለሁ ያህል ስለ እኔ ጀመሩ። ሐጅ፣ ተለውጧል፣ አለ። ዶክተሩ፣ አምስት መስመር ጽፎ ነው? ዕድሜ ነው ያለዘበው፣ ቆይተን እናያለን፣ አለ። ፍረድ አላሉኝም። እኔም አፌን አላስገባሁም።

ጃንዋሪ 31

ዝናቡ አባርቷል። ሪሃም ጋ ደወልኩ፤ አነሳች። ስለ ጋዜጣው ምንም አላልን። ስለ ሥራዋ ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ።

ያለችኝን እዚህ ልጽፍ ሁለት ጊዜ ጀመርኩ። ሁለቱንም ሰረዝኩ።

ሃያ ሁለት ደቂቃ አወራን።