ጀርባው የሚከፈት ቁም ሳጥን

ሐሙስ፣ ጥር 9 ቀን

ለበኩር ልጄ፣ አገር ምድሩን ለሚያስቀው፣

እኔ አለሁ። ጉልበቴ እንጂ እጄ አላረጀም፤ መላጊያው አሁንም ይታዘዘኛል። የምትጽፈው እህትህ ናት፤ ቃሌን እንዳታለዝብ አስጠንቅቄያታለሁ።

ፊልምህን አየሁት። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ሲሄድ እኔ ብቻ ልቀር ነው? ኮቴን ለብሼ ከፊት ተቀመጥኩ። ሰው መሳቁንስ ሳቀ፤ ፀጉር አስተካካዩ የተቀመጠበትን ወንበር እስኪሰብር። ግን አናጺውን ምን ቢያደርግህ ነው እንደዚያ ያጃጃልከው? አፉን በምስማር ሞልቶ ይንተባተባል። እኔ ዕድሜ ልኬን ምስማር አፌ ከትቼ አላውቅም። አባቱን እኮ ነው የሠራው ሲሉኝ፣ እንግዲያው የሱ አባት ሌላ ነው አልኳቸው፤ እንደገና ሳቁ። እናትህ ብትኖር ጆሮህን ትቆነጥጠው ነበር።

ይሁን፣ በእኔ ይሳቅ። ቁም ሳጥኑ ግን፣ ልጄ።

ለባለ ወፍጮው ጀርባው የሚከፈት ቁም ሳጥን መሥራቴን እራት ላይ ያወራሁላችሁ ስቃችሁ እንድትውጡት ነው። አናጺ ሰው መኝታ ቤት ገብቶ ያየውን እዚያው ጥሎ ይወጣል፤ እኔ ቤት ያደገ ይህን ያውቃል። አንተ ግን አንድ አላስቀረህም፤ የተጋረደውን መስኮት፣ ከጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል፣ ሰውየው ሲያወራ ጢሙን መዳበሱን ጭምር። በፊልሙ ባልየው ከአማቱ ይደበቅበታል፤ አማቲቱ ደገፍ ስትለው ወደ ውስጥ ትገለበጣለች። ያስቃል። እኔ ያን ቁም ሳጥን በገጠምኩበት ሳምንት ግን የባለ ወፍጮው ታላቅ ወንድም ጠፋ። ወፍጮው የሱ ነበር። ውጭ አገር ሄደ ተባለ፤ አመንን። አንተ ያኔ ልጅ ነበርክ፣ ሁለቱን ነገር አላገናኘህም። ፊልሙ ግን አገናኛቸው።

ባለ ወፍጮው አዳራሹ ውስጥ ነበር። ሳቀ፤ ሰው ሁሉ ሲያቆም እሱ ብቻውን ቀጠለ። የጠፋው ወንድም ሚስት ደግሞ ከጎኔ ነበረች፤ ጥርሷ አልታየም። መብራት ሲበራ ክንዴን ያዘችና ያ ቁም ሳጥን የምር አለ ወይ አለችኝ። አለ አልኳት። ለሌላው ብዋሽ ለሷ አልዋሽም። በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ተረኛው ፊልሙን አይቶት ኖሮ፣ የአማቲቱ አወዳደቅ ትዝ ብሎት ፊቷ ላይ ሳቀ። በፊልም ክስ አይከፈትም ብሎ መለሳት።

በማግስቱ ባለ ወፍጮው የምሠራበት ድረስ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ልጅዎ በሳቅ ሊገድለኝ ነበር አለኝ። ከዚያ አዲስ ቁም ሳጥን አዘዘኝ። ልኩን ንገረኝ አልኩት።

«ሰው ውስጡ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ይሁን።»

«የሰው ቁመት ይለያያል።»

ጢሙን ዳበሰ። «ልጅዎ ቁመቱ ምን ያህል ነው? ማዘጋጃ ቤቱ ሊሸልመው ጠርቶታል፣ ይመጣል ሲሉ ሰማሁ።»

መላጊያዬን አስቀመጥኩ። ይቺን ጥያቄውን እህትህ እንዳትዘላት።

ስለዚህ አትምጣ። ሽልማታቸውን በሰው ይላኩልህ። አባትህ ሞተ ብለው ቢደውሉልህም አትምጣ። ይህን ደብዳቤ በእጇ የምታመጣልህ እህትህ ናት፤ በሰበብ አስባቡ እዚያው አቆያት። አሁን እንኳ ብዕሩን አስቀምጣ «አልሄድም» አለችኝ። ተቆጣኋት፣ አነሳችው።

እኔ ሥራ ተቀብያለሁ፣ አደርሳለሁ። አዲሱ ሲገጠም አሮጌው ከቦታው መነሳቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ከጀርባው ያለውን በዓይኔ አያለሁ። የጠፋው ሰው ሚስት ከበሩ ውጭ ትጠብቀኛለች። ከወጣሁ ያየሁትን እነግራታለሁ። ካልወጣሁም ለተረኛው የምትነግረው ታገኛለች፤ በዚህም ይስቅ እንደሆነ እናያለን።

መጻፍህን እንዳትተው። ሰው ማሳቅ ተሰጥቶሃል፣ እሱን አልክድህም። ብቻ የሰው ታሪክ ስታነሳ መጀመሪያ ሰውየው በሕይወት መኖሩን ጠይቅ።

እጅህ አይዛል። ቤትህ ከሳቅ አይለይ። ክፉ ሰው በመጣበት መንገድ አንተ አትገኝ።

ቁመትህን ሲጠይቅህ ለባለ ወፍጮው ምን ብለህ መለስክለት ትለኝ ይሆናል። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቀጥ ብዬ ቆምኩና፣ «በእኔ ልክ ነው» አልኩት። ሜትሬን ከጠረጴዛው አንስቶ ከእግሬ እስከ አናቴ ለካኝ። አንተ የቤቴን በር ጎንበስ ብለህ እንደምታልፍ አያውቅም።

አባትህ፣
አናጺው