የሩት ሒሳብ አስጠኚ

ልጄ እሱባለው፣ ኪዳነ ምህረት በሄድክበት ሁሉ ከፊትህ ትቅደም። እኔ ደህና ነኝ። ሰቃ ያለችው አክስትህ ወርቂቱም ጉልበቷ ተሽሏት ሰላም በይልኝ ብላለች።

አንተ ግን ምነው እንዲህ አደረግኸኝ? ለእህትህ ሒሳብ የምታስጠና ሴት አገኘሁላት ስትለኝ አምኜህ፣ አራት ወር ሙሉ በየቅዳሜው ሩትን ባጃጅ ላይ አሳፍሬ ሸኘኋት። ስትመለስ "ገባሽ?" እላታለሁ። "ትንሽ ገባኝ እማዬ" ትለኛለች። ዓይኗ ቀልቶ ሳየው አልጀብራ እንዲህ ያስለቅሳል ወይ ብዬ አዝንላት ነበር!

ባለፈው ቅዳሜ መምህርቷን ላመስግን ብዬ ማር ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ "የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት፣ ለወጣቶችና ለአዋቂዎች፣ ማንም ሰው ያለ ልዩነት ይስተናገዳል" ይላል። ነጅላ የምትባለው አማካሪ በአክብሮት አስቀመጠችኝ። ልጄ ምን ሆና ነው ብዬ ብጠይቃት "አፉ ይበሉኝ እማማ፣ የነገረችኝን ለእርስዎም መናገር አልችልም" አለችኝ። ለእኔ! ለወለድኳት! አባታችሁ ካረፈ ወዲህ እሷ ፊት አንድ ቀን ያላለቀስኩት እንዳትሰበርብኝ ብዬ ነበር። እሷም ለካ ከእኔ ተደብቃ ሰው ዘንድ ሄዳ ታለቅሳለች።

በሁለታችሁም ተቀይሜአለሁ። ቢሆንም እግዚአብሔር ሥራህን ይባርክልህ፣ ከክፉ ሰው ይሰውርህ። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ለአዋቂዎችም ይላልና ለእኔም ቀጠሮ ያዝልኝ። ሩት ወዴት ነሽ ካለችኝ፣ ሒሳብ ልማር ነው እላታለሁ።