ዝንጉርጉሩ ቅብ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከቀኑ 11 ሰዓት

ይኼኛውም ካርድ ዝንጉርጉር። ቀለሙን ካርዱ አናት ላይ ጠብ አደርጋለሁ፣ ሽቦ የተጠመጠመበትን ዘንግ ይዤ እስከ ታች አወርደዋለሁ። በሽቦው መሐል ያለው ክፍተት የሚፈለገውን ያህል ቀለም ብቻ ትቶ ሌላውን ጠርጎ መሄድ አለበት። የኔ አንዱ ጋ ወፍራም፣ አንዱ ጋ ስስ፤ ታች ሲደርስ የሜዳ አህያ።

ናሙና የሚቀባው ማቴዎስ ነበር። ለወንድሙ ሰርግ ይርጋለም ሄዷል። እሱ መዝሙሩን እያንጎራጎረ አንዴ ሳብ፣ አለቀ።

የቀለም ፋብሪካው ቤተ ሙከራ ኃላፊ ኢ/ር ታደለ ካርዶቹን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩና ጥፋቱ የቀለሙ ውህድ ነው አሉ። ውህዱ ደግሞ የኔ! ከዚሁ ካካባቢያችን በመጣ ነጭ አፈር የሠራሁት፣ ወራት የለፋሁበት። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ይጣላል። አፍ አውጥተው አይበሉት እንጂ የሙከራ ቅጥሬም አብሮ ያበቃል።

ያኔ እማ ወደ ሳምቡሳ ቤቴ ተመለሺ ልትለኝ ነው። ፋብሪካ ስገባ ስንት ቀን አኩርፋኛለች! አልነግራትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 11

ውህዱ ላይ ውሃ ጨመርኩ፤ ባሰበት። ቀነስኩ፤ ጭራሽ ጓጎለ። ዘንጉን አጥቤ ሽቦውን አንድ በአንድ አየሁት። የላላ የለም፣ የደረቀ ቀለምም የለም። ምሳ አልበላሁም። ተናድጃለሁ፣ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 12

ስሚኝማ ማስታወሻዬ! ፋብሪካው ሁልጊዜ የሚሸጠውን ነጭ ቀለም በዚያው ዘንግ ቀባሁት። እሱም ዝንጉርጉር! በደስታ ልዘል ነበር። ውህዴ ነፃ ነው።

ከዚያ ቁጭ አልኩ። ቀለሙም ደህና፣ ዘንጉም ደህና ከሆነ የቀረሁት እኔው ነኝ።

ማቴዎስ ጋ ደወልኩ። ሰርግ ቤት ነው፤ ከዝማሬው መሐል ቀጥ አድርገሽ ሳቢው ማለቱ ብቻ ተሰማኝ። እየሳብኩ አይደል እንዴ!

ሐሙስ፣ ጥቅ. 13። ከምሽቱ 2 ሰዓት

አዲስ ከተማ ሰፈር፣ እማ ቤት። ለነገ ትልቅ የሳምቡሳ ትእዛዝ አለባት፤ ሊጥ ልዳምጥላት መጣሁ። መዳመጫውን እያንከባለልኩ ድንገት እጄን አየሁት። መዳፌ ወደፊት ሲሄድ ዘንጉ ከሥሩ ይዞራል።

ወላሂ ሳቄ አመለጠኝ። የቀለሙንም ዘንግ እንዲሁ ሳንከባልለው ከርሜያለሁ! የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። እሱ ሳይዞር ነው መጎተት ያለበት። ከዞረ ቀለሙ ላይ ይሄድበታል እንጂ አይጠርገውም።

እማ ምን እንደሚያስቀኝ ጠየቀችኝ። ስለ ቅጥሬ የፈራሁትን ብቻ ደብቄ ሌላውን ነገርኳት።

“ታዲያ ሳምቡሳ ነው ያበላሸኝ በይዋ!” አለች። ከዚያ ሊጡ ሳይደርቅ ሥራሽን ብላ ተቆጣችኝ።

እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ዓርብ፣ ጥቅ. 14

ዘንጉን ከሁለቱም ጫፍ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። ሳብኩ።

ወጥ! ከላይ እስከ ታች ወጥ! ደገምኩት፤ ወጥ። የፋብሪካውን ቀለምም፤ ወጥ። አልሐምዱሊላህ።

ኢ/ር ታደለን ጠርቼ ዓይናቸው እያየ ሌላ ቀባሁ። ስለ እጄም ነገርኳቸው። ካርዱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ውህዱ በትልቁ በርሜል ይሞከር አሉ፤ እኔም ሰኞ የቋሚ ቅጥሬን ልፈርም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ራበኝ፤ የሳምንቱ ረሃብ ሁሉ ባንዴ መጣ።

ማታ ቆርጬ እማ ጋ ሄድኩ። እማ እንዳታኮርፍ ቀስ ብዬ፣ እንግዲህ አልመለስም፣ ሱቁ ውስጥ ያለውን ቦታዬን ለአክስቴ ልጅ ለዘይነባ ስጪያት አልኳት።

ቀና ብላም አላየችኝ። ሳምቡሳውን ከዘይቱ እያወጣች፣ “ዘይነባንማ አንቺ ፋብሪካ የገባሽ ሳምንት ነው የነገርኳት” አለች። “ትምህርቷን እስክትጨርስ ነው የጠበቅኳት። ሰኞ ትጀምራለች።”

ሳምንቱን ሙሉ ትመልሰኛለች ብዬ የፈራኋት እናቴ፣ ለካ መመለሻ አላስቀረችልኝም ነበር።