ከወንበርሽ ጀርባ ያለው ግድግዳ

ጥሩአለም፣

ገበያ ወርጃለሁ። ልጄን ሳሪትን ለጋብቻ ለመጠየቅ የሚመጡት ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ ይደርሳሉ። የውኃ ማሞቂያውን አጥፊው። መስኮቱንም ክፈቺው፣ የቀለሙ ሽታ ይውጣ።

ሳሎኑን ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ቀብቼ ጨርሼዋለሁ። ከወንበርሽ ጀርባ ያለውን ብቻ ትቼዋለሁ።

ትናንት የበጠበጥነው ቀለም ሲያልቅ፣ «ለአንድ ኩባያ ሰማያዊ ሦስት ነጭ ነው፤ ሰማያዊውን ሁለት ካደረግሽ ነጩ ስድስት ይሁን» ብዬሽ ነበር። አንቺ ግን «በዚህም አንድ፣ በዚያም አንድ ከጨመርን ያው ነው» ብለሽ ሁለት ሰማያዊ በአራት ነጭ በጠበጥሽ። ግድግዳው ሲጠቁርብሽ ደግሞ ወደ ልጄ ዞረሽ፣ «እናትሽ በስተርጅና ፊደል ቆጠርኩ ብላ በቀለም ተራቀቀችብን፤ ይኸው አበላሸችው» አልሻት።

ሳሪት ሳቀች።

እሱ ነው ያልበረደልኝ።

እንግዶቹ «ይሄ ለምን ጠቆረ?» ማለታቸው አይቀርም። ወንበሩ ያንቺ ነው፤ መልሱም ያንቺ ይሁን።

ክፉ ነሽ አትበዪኝ። በረንዳው ላይ አንድ ኩባያ ተኩል ሰማያዊ ትቼልሻለሁ፤ ነጩ ሙሉ ባልዲ ነው። ስንት ነጭ እንደሚገባው ለሳሪት አስረድቻታለሁ፤ እንዳትነግርሽ ግን አስጠንቅቄያታለሁ።

እኔን ጠይቂኝ። እንግዶቹ ሳይደርሱ እመለሳለሁ። ሳሪት ባለችበት፣ ጮክ ብለሽ ጠይቂኝ።

ብሩሹን አጥቤ አስቀምጬልሻለሁ።

ሸዋጌጥ